ወፍራም ሴሪፍ የት ያምራል? የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች ጥያቄ

ባለፈው እትም ስለ ፎንትና ስለ ህትመት ጥያቄ ያላችሁ ላኩልን ብለን ነበር፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጣው ግን አብዛኛው ስለ አንድ ነገር ሆነ፤ ስለ ወፍራም ሴሪፍ። ያ ጫፍ ጫፉ ላይ እግር ቢጤ ያለው፣ በዛ ላይ ቦልድ የሆነው ፊደል ማለት ነው። እሺ፣ የዛሬውን አምድ ለሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቡና ቤት ልከፍት ነው። ታፔላው ላይ ስሙ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፋል፣ የሚሰራልኝ ልጅ አንድ ድብልብል ያለ ወፍራም፣ እግር ያለው ፊደል አሳየኝና በጣም ወደድኩት፣ ወንድሜ ደግሞ ይሄ የድሮ ነው ሰው ይስቅብሃል አለኝ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞ እንደምታውቁት እዚህ ጉም ሲወርድ ማዶ ያለው ሱቅ እንኳን አይታይም፣ ይሄ ፊደል ይነበባል ወይ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ የድሮ መሆኑ እውነት ነው ግን ለቡና ቤት የድሮ መምሰል ምኑ ነው የሚጎዳው? ወፍራም ሴሪፍ ከመጀመሪያውም ለመጽሐፍ ተብሎ የተሰራ ነገር አይደለም፣ ለመንገድ ነው የተሰራው። በፈረንጆቹ 1800ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለንደን ውስጥ ሎተሪ ሻጩም ቲያትር ቤቱም ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ሲያበዛ የመጽሐፍ ፊደል ከሩቅ አልታይ አለ፣ ፊደል ቀራጮቹም ያንኑ ፊደል ወስደው ወፍራሙን መስመር እስኪበቃው አወፈሩት፣ ቀጭኑን ግን እንዳለ ተዉት። ከዛ 1845 ላይ ሮበርት ቤስሊ የሚባል ሰው ክላረንደንን አወጣ፣ እሱ ደግሞ እግሮቹም ጭምር ወፍራም ናቸው፣ በእንግሊዝ ህግ ተመዝግቦ የ3 ዓመት ጥበቃ አግኝቶ ነበር፣ ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ ያልገለበጠው አልነበረም። 1922 ላይ ደግሞ ቺካጎ ውስጥ ኦዝዋልድ ኩፐር ኩፐር ብላክን ሰራ፣ አንተ ድብልብል ያልከው እሱን ይመስለኛል፣ ጫፎቹ ሁሉ የተሟሸሹ፣ አንድም ሹል ነገር የሌለው ከሆነ እሱ ነው። ኢዚጄት የሚባለው አየር መንገድ አውሮፕላኑ ላይ ስሙን የሚጽፈው በሱ ነው፣ ስለዚህ የሚስቅ ካለ ወንድምህ ይሳቅ።

ዋናው ነገር ሦስቱ ወፍራሞች ጠባያቸው የተለያየ መሆኑ ነው። ኩፐር ብላክ ለስላሳ ነው፣ ዳቦ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ቡና ቤት፣ የልጆች ነገር ሲሆን ያምርበታል፣ ጋራዥ ላይ ብታደርገው ግን ያስቃል። ክላረንደንና ሮክዌል አይነቶቹ ኮስተር ያሉ ናቸው፣ ብረታ ብረት፣ የህንጻ መሳሪያ፣ መጋዘን፣ የስራ ልብስ ምናምን። ቦዶኒና ፕሌይፌር ዲስፕሌይ ደግሞ ወፍራሙ በጣም ወፍራም ቀጭኑ ክር የሚያክል ነው፣ የሰርግ ልብስ ቤትና ጌጣጌጥ ቤት የሚወዱት እሱን ነው፣ ውድ ያስመስላል።

አሁን ወደ ጉሙ። ጉም ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ መስመር ነው። ቦዶኒ አይነቱን ደሴ ላይ ውጭ ብትሰቅለው ጠዋት ጠዋት ቋሚዎቹ ብቻ ቀርተው አጥር ነው የሚመስለው፣ ኩፐርና ክላረንደን ግን ቀጭን የሚባል ነገር ስለሌላቸው ይቋቋማሉ፣ ስለዚህ የመረጥከው ፊደል ለደሴ አየር ልክ ነው። መጠኑን በተመለከተ ታፔላ ሰሪዎች የሚሰሩበት ግምት አለ፣ ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ እና ከመንገዱ ማዶ ከ30 ሜትር ላይ እንዲነበብ ከፈለግክ ፊደሉ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን ማለት ነው፣ ጉሙን አስበህ ትንሽ ጨምርበት። ልጁ ቦታው አይበቃም ካለህ ጽሁፉን ቀንስ እንጂ ፊደሉን ወደ ጎን አታስጨንቀው፤ ኮርልድሮው በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ይዞ መጎተትና መጨፍለቅ የተለመደ ነው፣ ሲጨፈለቅ ግን ቋሚው ይቀጥናል አግዳሚው እንዳለ ይቀራል፣ ያ ሁሉ የወደድከው ውበት እዛው ላይ አለቀ። ጥላ፣ ጠርዝ፣ ስሪ ዲ ምናምን እጨምርበታለሁ ካለህም እጁን ያዘው፣ ወፍራም ፊደል ላይ ጥላ መጨመር ለኔ ካፖርት ላይ ካፖርት መደረብ ነው።

ደግሞ በወፍራሙ ስሙን ብቻ ጻፍ። ቁርስ፣ ምሳ፣ ጁስ፣ የጀበና ቡና፣ ስልክ ቁጥር፣ ይሄን ሁሉ በወፍራም ሴሪፍ ከደረደርከው ሁሉም እኩል ይጮሃል፣ ሰውዬው ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ሲያልፍ ስሙን እንኳን ሳይይዝ ያልፋል። ዝርዝሩን እግር በሌለው ቀለል ባለ ፊደል ከስር አድርገው።

የአማርኛውን ነገር አደራ። ብዙ ታፔላ ላይ እንግሊዝኛው ግዙፍ ሆኖ አማርኛው በቀጭን ፊደል ከጎኑ ተለጥፎ ነው የምናየው፣ ከሁለት ሱቅ የተዋሰው ነው የሚመስለው። ቁመታቸውን ብቻ አታስተያይ፣ የቋሚ እግራቸውን ውፍረት አስተያይ፣ የ"በ" እግርና የእንግሊዝኛው ፊደል ቋሚ በአይን እኩል እስኪሆኑ ድረስ አማርኛውን አሳድገው ወይም ወፈር ያለውን ምረጥ። ለዚህ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለው ጥሩ ነው፣ ነጻ ነው፣ ለንግድም መጠቀም ይቻላል፣ ከቀጭኑ እስከ ብላክ፣ ማለትም እስከ መጨረሻው ወፍራም ድረስ 9 ውፍረት አለው። ኩፐር ያለውን ልስላሴ አታገኝበትም፣ እሱን አልዋሽህም፣ ውፍረቱ ግን ይገናኛል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ህትመት ቤት ውስጥ ነው የምሰራው። ደንበኞች ቦልድ አርጊልኝ ይሉኛል፣ እኔም ቦልድ አደርገዋለሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደህና ነው ሲታተም ግን ፊደሎቹ ቀዳዳቸው ይደፈናል፣ በተለይ ትንሽ ሳይዝ ላይ። ፕሪንተሩ ነው ችግሩ ወይስ እኔ? አለቃዬ ቀለም በዛ እያለ ይቆጣኛል።

መልስ፦ እህቴ ቀለሙም አንቺም አይደላችሁም፣ ፎንቱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ለረጅም ጊዜ የነበረው ኒያላ የሚባለው ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፣ አቢሲኒካም እንደዛው ነው፣ ቦልድ የሚባል ፋይል የላቸውም። አንቺ ቦልዷን ስትጫኚ ፕሮግራሙ ለራሱ ፊደሉን በየአቅጣጫው ያብጠዋል፣ አስቦ የሚያወፍር ሰው የለም እዛ ውስጥ፣ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም እኩል ያብጣል። ወደ ውስጥ ሲያብጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው ቀለበቱ ነው።

በእጅሽ ሞክሪው፣ "ደሴ" ብለሽ በኒያላ ጻፊና ቦልድ አድርገሽ በ8 ሳይዝ አትሚው። የ"ሴ" እግር ስር ያለችው ትንሽ ቀለበት አይኗ ይጠፋና "ሲ" ትሆናለች፣ ከተማችን ደሲ ሆነች ማለት ነው። "ምግብ ቤት" ምግብ ቢት ይሆናል፣ "ጤና" ላይ "ጤ" አደጋ ላይ ናት፣ ባጠቃላይ አምስተኛው ቤት በሙሉ ነው የሚጎዳው፣ ምክንያቱም ሦስተኛውንና አምስተኛውን የሚለየው ያቺ ቀለበት ክፍት መሆኗ ነው። እውነተኛ ቦልድ ሲሰራ ግን ሰሪው እያንዳንዱን ፊደል አይቶ ቋሚውን ያወፍራል፣ አግዳሚውን ቆጠብ ያደርጋል፣ ቀለበቷን ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ አይኗን ይጠብቃል፣ ፊደሉንም ትንሽ ያሰፋዋል። አንድ "ሴ" በኒያላ አሳብጠሽ አንድ "ሴ" ደግሞ በኖቶ ሴሪፍ ቦልድ አድርገሽ ስክሪኑ ላይ አጎልተሽ ጎን ለጎን እያቸው፣ አለቃሽንም ጥሪው።

ምን ላድርግ ካልሽ፣ ፎንት ዝርዝሩ ውስጥ ገብተሽ ቦልድ ወይም ብላክ የሚል የራሱ ስም ያለው መኖሩን አረጋግጪ፣ ከሌለ ሌላ ፎንት ምረጪ። ኤብሪማ የራሱ ቦልድ አለው፣ እሱ ግን ሴሪፍ አይደለም። ለትንሽ ጽሁፍ ደግሞ ብላኩን ተይውና ቦልዱን ወይም ሰሚ ቦልዱን ውሰጂ፣ ብላክ ለትልቅ ነው። ማህተም የምትሰሩ ከሆነ ይሄ ነገር በእጥፍ ነው፣ ማህተም ላይ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ስለሚፈስ ኮምፒውተር ላይ ክፍት የነበረው ሁሉ ይደፈናል፣ እዛ ላይ ከሚዲየም፣ ከመካከለኛው ውፍረት አትለፊ።

ደንበኛው ግን ቦልድ ሲል ሁልጊዜ ቦልድ ፈልጎ አይደለም፣ ጎልቶ ይታይልኝ ነው የሚልሽ። የኛ ሰው ከጥንትም ጎላ የሚያደርግበት መንገድ ነበረው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለውን የአባ ኢየሱስ ሞዐን ወንጌል ብታዪ፣ እንደ ፈረንጅ 1280 እና 81 አካባቢ የተጻፈ ነው፣ የዛ ዘመን ፊደል ራሱ ወፈር ያለ ማዕዘኑ ጠንካራ ነው። በመቃ ስለሚጻፍ ወፍራምና ቀጭኑ ከብዕሩ አያያዝ ነው የሚመጣው፣ የኛ ፊደል ወፍራምና ቀጭኑን ከሴሪፍ አልተበደረም ለማለት ነው። ጸሐፊዎቹ የቅዱሳንን ስም ወይም የምዕራፍ መጀመሪያ ሲያጎሉ ታዲያ ፊደሉን አያሳብጡም፣ ቀይ ቀለም ይነክራሉ። አንቺም ደንበኛሽን ቀለም እንቀይርልህ ወይስ ሳይዙን እናሳድግልህ ብለሽ ጠይቂው፣ ግማሹ እሺ ይላል። ዘመም ማድረጓን ግን ተያት፣ አማርኛ ሲዘም አያምርበትም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በርበሬና ሽሮ አሽጋ ትሸጣለች፣ ኮምቦልቻ ነን። ስቲከሩን በወፍራም ሴሪፍ ነጭ ፊደል በቀይ መደብ ላይ ልናሰራ ነው፣ ያምራል?

መልስ፦ ያምራል፣ ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ነጭ ፊደል በደማቅ መደብ ላይ ሲሆን የቀዩ ቀለም ወደ ነጩ ስለሚገባ ቀጫጭኑ ነገር ይበላል፣ ስለዚህ ቀጭን መስመር የሌለውን ምረጡ፣ በፊደልና በፊደል መሃልም ትንሽ አየር ስጡት። ሁለተኛ "በርበሬ" ላይ "ሬ" አለች፣ ያቺ ቀለበት ናት መልሳ የመጣችው፣ ከማሳተማችሁ በፊት በትክክለኛው መጠን አንድ ወረቀት ላይ አውጥታችሁ አንብቡት። ክብደቱን፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን በወፍራሙ አትጻፉት፣ ደንበኛው አይኑን አጥብቦ የሚፈልገው እሱን ስለሆነ ቀለል ባለ ፊደል ጥርት ብሎ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የሱቄን ስም መስታወት ላይ በስቲከር ላስቆርጥ ፈልጌ ፕሌይፌር የሚባለውን መረጥኩ፣ ሰራተኛው አይቆረጥም አለኝ። ሰነፍ ነው ወይስ እውነቱን ነው? (ከሰኞ ገበያ)

መልስ፦ እውነቱን ነው እኮ። ካተሩ፣ ስቲከር መቁረጫ ማሽኑ ማለት ነው፣ ይቆርጠዋል፣ ችግሩ ትርፉን ሲያነሱት ነው፣ ያ ክር የሚያክለው መስመር አብሮ ይነሳል ወይ ይበጠሳል፣ ቢለጠፍም መስታወቱ ሲጸዳ በጨርቁ ይሄዳል። ፊደሉ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ምናልባት ያስኬዳል፣ ከዛ በታች ክላረንደን አይነቱን አድርገው። ማታ ማታ የሚበራ ላይት ቦክስ እንዳትለው ደግሞ፣ እዛ ላይ ችግሩ ይገለበጣል፣ መብራቱ ከፊደሉ ዙሪያ ስለሚፈስ ነጩ ፊደል ከራሱ በላይ ወፍሮ ይታያል፣ ብላክ ያደረግከው እንደሆነ ከሩቅ አንድ የበራ ቂጣ ነው የምታየው። ለላይት ቦክስ አንድ ደረጃ ቀነስ አድርግና ፊደሎቹን አራርቃቸው።

ጥያቄ፦ የሰርጌን መጥሪያ ሙሉውን በወፍራም ሴሪፍ ላድርገው አልኩ፣ እናቴ ለቅሶ መሰለብኝ አለች።

መልስ፦ እናትሽ ልክ ናቸው። የሙሽራውንና የሙሽሪትን ስም በወፍራሙ፣ ሌላውን በቀጭኑ አድርጊው። ጥቁሩንም ወደ ጥቁር ቡኒ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ብትቀይሪው ያ የለቅሶ ነገር ይጠፋል። እንኳን ደስ ያለሽ።

ጥያቄ፦ ተመራቂ ነኝ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ። ጽሁፌን በታይምስ ነው የምጽፈው፣ ዋና ዋናውን ሐሳብ አንቀጽ ውስጥ ቦልድ እያደረግኩ ብሄድ አማካሪዬ ቶሎ ያየዋል ብዬ ነው።

መልስ፦ አማካሪህ ቶሎ የሚያየው ቦልዱን ነው እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ታይምስ ኒው ሮማን 1932 ላይ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ለራሱ ያሰራው ነው፣ ጠባብ አምድ ውስጥ ብዙ ቃል እንዲገባ ተብሎ የተሰራ፣ ቦልዱም ለርዕስ ይሆናል። ለምዕራፍና ለንዑስ ርዕስ ተጠቀምበት፣ አንቀጽ ውስጥ ግን አትርጨው። የአማርኛ ክፍል ካለህ ከላይ ለኮምቦልቻዋ እህታችን ያልኩትን አንብብ።

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ የሰራሁትን ዲዛይን አዲስ አበባ ለማሳተም ስልከው ፊደሉ ተቀይሮ ነው የሚወጣው፣ አንዴም ጭራሽ የእንግሊዝኛ ዝባዝንኬ ሆኖ ወጣ። ወፍራሙ ሴሪፌ በቀጭን ፊደል ታትሞ መጣልኝ፣ ብሩም ሄደ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ይሄ ሁሉንም ያቃጠለ ነገር ነው። እነሱ ኮምፒውተር ላይ ያንተ ፎንት ከሌለ ፕሮግራሙ ያገኘውን ይተካል፣ ለዛ ነው ቀጭን ሆኖ የመጣው። ዝባዝንኬው ደግሞ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቦታ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሰራር፣ ካልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው የሚመጣው፣ እነዛ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ስለሆነ ፎንቱ ሲጠፋ ከስር ያለው እንግሊዝኛ ብቅ ይላል። አማርኛ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው 1999 ላይ ነው እንደ ፈረንጅ፣ ዛሬም በድሮው የሚሰሩ ህትመት ቤቶች አሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስራህን ስትጨርስ የሚስተካከለውን ፋይል ለራስህ አስቀምጥና ሌላ ኮፒ ላይ ጽሁፉን በሙሉ መርጠህ ወደ ከርቭ ቀይረው፣ ኮርልድሮው ላይ ኮንትሮል ኪው ነው፣ ኢለስትሬተር ላይ ኮንትሮል ሺፍት ኦ። ከዛ በኋላ ፊደል መሆኑ ቀርቶ ስዕል ስለሚሆን የትም ቢከፈት አይቀየርም፣ ሆሄ ስህተት ማረምም አይቻልም ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ሰው ያንብብልህ። ያሳበጥከው ቦልድ ከሆነ ግን ወደ ከርቭ ሲቀየር እብጠቱ ሊጠፋ ይችላል፣ አንዳንድ ፕሮግራም ላይ የነበረውን ቀጭኑን ብቻ ይሰጥሃል፣ እና ከቀየርክ በኋላ ሳትልክ አይተህ ላክ። ፒዲኤፍም አብረህ አድርግለት፣ እንዲህ መምሰል አለበት ብለህ በቴሌግራም ፎቶውን ላክለት፣ ከመታተሙ በፊትም አንድ ናሙና ፎቶ አንስተው እንዲልኩልህ ጠይቅ።